ገጽ ዐሥራ ሰባትን ልጅሽ እንዳታነብ

ሰኞ፣ የካቲት ፬ ቀን፣ ከቀትር በፊት

እናቷ «ፍንጭት» እያለች ትጠራት ለነበረችው ልጄ፤

ደብዳቤ በሰላምታ መጀመር እንዳለበት ለብዙ ተማሪዎች አስተምሬአለሁ። ዛሬ ግን ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ቆም ብዬ አሰብኩና ተውኩት። «እንደምን አለሽ» የሚባለው ላለ ሰው ነው።

ደብዳቤሽ ባለፈው ዐርብ ደርሶኛል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅሽን ይዘሽ እንደምትመጪ፣ ልጂቱም የከተማችንን ታሪክ ለማወቅ፣ መናፈሻውን ለማየትና እናቷ በልጅነቷ በበላችባቸው ቤቶች ለመብላት እንደምትጓጓ ጽፈሻል። ለእናትሽ የሱፍ ሻል እንደ ሠራሽላትም አንብቤአለሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠይቀሻል፤ «አባዬ፣ በሩን ትከፍትልኛለህ?» ብለሻል።

መልሱን አላዘገይብሽም። አልከፍትም።

ይሁን እንጂ መንገደኛን መምራት ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው፤ መንገድ የጠየቀ ጠላትም ቢሆን ይመራል። ለዚህ ሥራ ደግሞ በከተማው ውስጥ ከእኔ የተሻለ አታገኚም። ማዘጋጃ ቤቱ ባለፈው ዓመት «ለእንግዶች የሚሆን መምሪያ ይጻፉልን፤ ያረጀውን ነገር ሁሉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ብሎ ለምኖኝ አርባ ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ። ክፍሏ ሦስት ነው፦ ታሪክ፣ መናፈሻና ምግብ ቤት። በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በመስታወቱ መስኮት በኩል፣ ለወረደ መንገደኛ ሁሉ በነጻ ትታደላለች። ልጅሽ ማንበብ የምትወድ ከሆነች ገና ሻንጣችሁ ሳይወርድ መጽሐፏ እጇ ትገባለች። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ስለዚህ ነው። ገጽ ዐሥራ ሰባትን እንዳታነብ ጠብቂያት። ምክንያቱን በተራው አደርሰዋለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ታላቁ ከተማ በመስፋት ላይ ሳለ ጡብ ቢያጥረው ሸክላ አፈር ወዳለበት ወደዚህ መጣ፤ ፋብሪካ ተተከለ፣ ለሠራተኞቹም አንድ ዓይነት ቤቶች በሰልፍ ተሠሩ። አፈሩ ሲያልቅ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሰው ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሕዝባችን በጠዋት ወደ ታላቁ ከተማ ሄዶ ሲመሽ ለመተኛት የሚመለስ ሆነ። የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ከዚያው ጡብ ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች ጡቡ ሳይደርቅ አውራ ጣታቸውን እየጫኑ አሻራቸውን ትተዋል። ትንሽ ሳለሽ ጣትሽን እዚያ ጉድጓድ እየከተትሽ «ይህ ሰውዬ የት ሄደ?» ትይኝ ነበር። ለልጅሽ አሳያት። ከውጭ በኩል ስለሆነ ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ለሰባት ቁጥር አውቶቡስ በመጽሐፏ ውስጥ ግማሽ መስመር ሰጥቼዋለሁ። አብረሽው የሄድሽው ያ ሾፌር እስከ ዛሬ መሪ እንደ ጨበጠ ጽፈሻል። ይጨብጥ።

ከዚህ በኋላ የመጽሐፏን ተራ ትቼ ምግብ ቤቱን አስቀድማለሁ፤ መናፈሻው ያለ እርሱ አይገባሽምና። ከድልድዩ አጠገብ ያለው ትልቁ ምግብ ቤት አሁንም አለ። መሥራቹ ሞቶ ልጁ ይዛዋለች፤ ሾርባው እንደ ቀድሞው ነው። «ገበታው ሰፊ፣ መስተንግዶው የማያሳፍር» ብዬ ጽፌለታለሁ፤ በምስክርነት ነው የጻፍኩት። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት በዚያ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ለሠርግሽ ተቀምጦ ነበር። ሙሽራው፣ መድኃኒት ቀማሚው፣ ግራጫ ሱፉን ለብሶ በላብ ተጠምቋል። እናትሽ በየደቂቃው ወደ ደጅ ትወጣለች። ከዚያ የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ መጣና ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ሙሽራዋ በሰባት ቁጥር ተሳፍራ እንደ ሄደች፣ የተሳፈረችውም ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር እንደሆነ ነገረን። ሰው ሁሉ እኔን አየ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ብሉ» አልኳቸው። «ለሠርግ የተሠራ ምግብ ለልቅሶም ይሆናል።»

በሉ። ጎረቤታችን እንዲያውም ወጥ አስጨመረ። መድኃኒት ቀማሚውም በላ፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ቦርጩም ከእርሱ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ባለፈው ክረምት የደም ግፊት መድኃኒቴን እየጠቀለለ በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እኔ እኮ ከረሳሁት ቆየሁ። እርስዎ በእኔ ስም እስከ መቼ ነው የሚቀየሙት?» አለኝ። መድኃኒቱን እንዲያፈጥን ነገርኩት።

ከሠርጉ አንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ደረሰ። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባልቴቶቹ ከበውኝ ወሬሽን ጠየቁኝ። እኔም «ደብዳቤ መጥቷል» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የቀረውን እነርሱ ሞሉት። አንዷ ጮኻ አለቀሰች፣ ሌላዋ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ፤ እኔም «አሜን» አልኩ። የመጽሐፍ ሰው ቃሉን መርምሮ ይናገራል፤ ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት አልነበረበትም። ደብዳቤ መጥቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስምሽን በሙታን መዝገብ ጻፍኩት። መዝገቡን የምጽፍ እኔ፣ በየእሑዱ በሕዝቡ ፊት የማነብም እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በዚያ መዝገብ የገባ ስም አይፋቅም። ሙት ተነሥቶ «ስሜን ፋቁልኝ» ያለበት ጊዜ ስለሌለ የመፋቂያ ሥርዓት አልተሠራለትም።

እናትሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሳለሽ ደብተርሽን ስትለብድልሽ ስለኖረች ጽሕፈትሽን ከሺህ ትለይ ነበር። ፖስታውን ከካፖርቴ ኪስ ውስጥ አየችው። «ሙት ደብዳቤ አይጽፍም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የመጡትን በቤተ ክርስቲያኑ የፖስታ ሣጥን ተቀብዬ፣ ቁልፉን ባንገቴ አንጠልጥዬ ኖርኩ። ሠላሳ አራት ናቸው። እንደታሸጉ በመጻሕፍት ሣጥኔ ውስጥ አሉ።

ስምሽ በተነበበበት በመጀመሪያው እሑድ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ ከሁለተኛው ዓምድ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ።

«አለች።»

እንደ ጩኸት አልነበረም። መምህር ስም ሲጠራ፣ ለጊዜው ወጣ ስላለ ጓደኛው እንደሚመልስ ተማሪ ነበር። ማታ ቤት ገብተን በሕዝብ ፊት እንዳታዋርደኝ አስጠነቀቅኋት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ፣ «አንተ ግደላት፤ እኔ ግን አልቀብራትም» አለችኝ።

ዐሥራ ሰባት ዓመት በየእሑዱ እኔ አነበብኩ፣ እርሷ መለሰች። ቀድሞ የሚያውቁሽ እያረጁ አለፉ፤ አዲስ የመጡትም በኀዘን አእምሮዋ የተነካ እናት ናት ብለው አዘኑላት። ከስድስት ዓመት ወዲህ ያለው ካህን ወጣት ነው፣ ቅን ነው። «መምህር፣ የእርስዎ ትዕግሥት ለእኔ ስብከት ነው» ይለኛል። የሰፈሩ ሕፃናት «እትዬ አለች» የሚል ስም አወጡላትና ገበያ ስትወርድ እየተከተሉ ይጠሯት ነበር። አንድ ቀን አብሬአት ስሄድ ይህን ሲሏት ሰማሁ። ልጆቹን አልተቆጣሁም። እርሷ ዞር ብላ አቤት አለቻቸው።

አሁን ወደ መናፈሻው ደርሰናል። አፈሩ የተቆፈረበት ጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ኩሬ ሆኗል፣ ዙሪያውን ዛፍ ተተክሏል። ለልጆች ዥዋዥዌ አለ፣ ለሽማግሌ ጥላ አለ። ከዋናው በር በስተግራ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር የመናፈሻ ኮሚቴው ለእናትሽ አዝኖ ያሠራው ነው። በጀርባው ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ስምሽ፣ ከዚያም «በወጣትነቷ ላረፈች» የሚል። ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሰሌዳ ቀራጩ ያረፈችበትን ቀን ሲጠይቀኝ የሠርጉን ቀን ነገርኩት። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ የዚያ ወንበር ሥዕልና ታሪክ አለ። ልጅሽ መቀነስ የምትችል ከሆነች፣ እናቷ ከሞተች ከሰባት ዓመት በኋላ መወለዷን ትደርስበታለች።

እናትሽ በዚያ ወንበር አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችም። ከፊት ለፊቱ ባለው፣ ሰሌዳ በሌለው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ከዚያ ሆኖ በአጥሩ መካከል የሰባት ቁጥር መቆሚያ ይታያል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሦስት አውቶቡስ አይታ ትመለስ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በጥር ማብቂያ፣ አራተኛውም አልፎ ሳትመለስ ቀረች። የመናፈሻው አትክልተኛ ነው ያገኛት። ያንቀላፋች መስሎት አጠገቧ ያለውን ቅጠል ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ ነው የነካት።

ይህን በደብዳቤ መስማትሽ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከከባዱ ሁሉ ለእርሷ የደረሳትን ግን አንቺ አታውቂውም። ሻሉን አታምጪው። የአሁኑን ደብዳቤሽን ከሠላሳ አራቱ ለይቼ የከፈትኩት በቤቱ ውስጥ የምደብቅበት ሰው ስላልቀረ ነው።

ስሟን በገዛ እጄ በመዝገቡ ጻፍኩ። ገጹ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ከስምሽ ቀጥሎ ያለው ብቻ ስለነበር እዚያው ገባች። በቀጣዩ እሑድ ማንበብ ጀምሬ ስምሽ ላይ ደረስኩ። ካነበብኩት በኋላ ዝም አልኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመት የለመደ ጆሮ ነውና ጠበቀ። ሕዝቡም ጠበቀ። ካህኑ ቀርቦ በሹክሹክታ፣ «መምህር፣ ይቀጥሉ እንጂ» አለኝ። ቀጣዩ ስም የእርሷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እዚያ ቦታ ስደርስ እቆማለሁ። ዓይኔ የደከመ መስሏቸው ከመዝገቡ ማስቀመጫ በላይ መብራት አሰቅለውልኛል። መብራቱ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የማይታየኝ የሴቶቹ ወገን እንኳ እስከ ሁለተኛው ዓምድ ድረስ ይታየኛል።

ስለዚህ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ አጥብቀሽ ያዢ። ወደ ቤቴ እንዳትመጪ ነግሬሻለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያንም አትምጪ። ጸሎቱ በአንድ ሰዓት ይጀመራል፤ የሙታን ስም የሚነበበው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የምዕራቡ በር ሲከፈት ስለሚጮህ ሰው ሁሉ ይዞራል፤ የደቡቡ ግን ድምፅ የለውም፣ በእርሱም ቢሆን እንዳትገቢ። ሁለተኛው ዓምድ አጠገብ፣ የእናትሽ ትከሻ ከመደገፉ ብዛት ጡቡ የለሰለሰበት ቦታ አለ፤ ሌሎቹ ሴቶች አክብረውላት እስከ ዛሬ ባዶውን ትተውታል። እዚያ እንዳትቆሚ። ልጅሽንም እዚያ እንዳታቆሚያት። ስምሽ ተነብቦ፣ እኔ ዝም ባልኩ ጊዜ፣ ከዚያ ሥፍራ አንዲት ቃል ብትሰማ ያ ሁሉ ያጽናናኝ ሕዝብ ወደ እኔ ይዞራል፤ ያ ወጣት ካህንም ይዞራል። ለእነርሱ የምመልሰው ነገር አላዘጋጀሁም። በሰባ ስምንት ዓመቴ ደግሞ መዝገቡ ከባድ ነው፤ ከእጄ ቢወድቅ ጎንበስ ብዬ አላነሣውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ያልኩሽ፤ እንዳትሳሳቺ።

ለልጅሽ በረከቴን አድርሺልኝ፤ ዓይኗ ይብራ፣ መጽሐፍ አይጥፋባት፣ ያነበበችውን ሁሉ ግን አትመን። ለአንቺ የሚገባውን ምርቃት ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም በዚህ ቤት የቀረው ሰው ለራሱ ያጣው ነው። ቀባሪ አያሳጣሽ።

የከተማው መምሪያ አዘጋጅ፣
የሙታን መዝገብ አንባቢ