በወፏ ጎጆ ዙሪያ የተከልኩት ችካል

ነሐሴ 10፤ ጠዋት 1፡00
ዝናብ። ቦት ጫማ፣ ጭቃ፣ አልቅት። ዘውድ የደፋችው ባለረጅም እግሯ ወፍ ዛሬም ረግረጉ መሃል ታቅፋለች። ሁለት እንቁላል። ወንዱ እሷን ይጠብቃል። ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር ሁለቱን ይጠብቃል። ከሦስታችን ሥራ ያላት እሷ ብቻ ናት።

የላይ ሰፈሩ ገበሬ፣ የአያ ደሴ በሬዎች ከጎጆዋ አሥር እርምጃ ላይ ይግጣሉ። ረግረጉ የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም የጋራ ግጦሽ ነው። በሬህን ከልክል አይባልም።

ነሐሴ 11፤ ከሰዓት
ብልሃት መጣልኝ። በጎጆው ዙሪያ አራት ችካል ተከልኩ፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ። በሬዎቹ ደንብረው ይሸሻሉ። ማንም አላየኝም። በራሴ ኮርቻለሁ፤ ማስታወሻዬ፣ አንተም ኩራ።

ነሐሴ 13
በሬዎቹ ምንም አልመሰላቸውም። የደነበረው ሰው ነው። እዚህ አገር ቀይ ጨርቅ ያሰረ ችካል ማለት መሬት ሊለካ ነው ማለት ነው። ላይ ሰፈር፦ ታች ሰፈሮች ረግረጉን ለባሕር ዛፍ ሊቀራመቱት ነው። ታች ሰፈር፦ ያንኑ፣ ስለ ላይ ሰፈር።

አያ ደሴ ደጄ ድረስ መጡ። «መምህር፣ አንተ የተማርህ ነህ። ማነው የተከለው?»
«እንጃ፣ አያ ደሴ።»
ለምን እንደዋሸሁም እንጃ።

ነሐሴ 14
ጠዋት ሁለቱ ሰፈሮች ረግረጉ ላይ ተገናኙ። ዱላ፣ ዶማ፣ ማጭድ። ስድቡ በአማርኛ ተጀመረ፤ ሲጋጋል አዊኛ ሆነ፤ ከዚያ ቋንቋም አላስፈለገ። አለልኝ የሚባል የታች ሰፈር ጎረምሳ አንዱን ችካል ነቅሎ የአያ ደሴን አናት መታበት። ቅል ሲፈርጥ እንደሚሰማው። በፊታቸው ተደፉ፤ ውኃው ቀላ። ልጃቸው አለልኝን አንገቱን ይዞ ጭቃ ውስጥ ደፈቀው። አራት ሰው ነው ያላቀቀው።

ያ ሁሉ እግር በጎጆው ላይ አለፈ። ወንዱ ወፍ አልሸሸም፤ ክንፉን ዘርግቶ ሰው ላይ ወጣ። አንዱ በዱላ አንገቱን ሰበረው፤ ዞር ብሎም አላየው። ከተረገጠው እንቁላል የወጣው ጫጩት ላባ አብቅሏል።

«ኧረ ወፎቹን! ወፎቹን!» እላለሁ ዳር ቆሜ። ሰው እየደማ።

ነሐሴ 15
አያ ደሴ ዳንግላ ሆስፒታል ተወስደዋል። ይተነፍሳሉ፤ አይናገሩም። ልጃቸው ጠመንጃ ሲወለውል ዋለ።

ነገ ፍልሰታ ይፈታል። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለቱንም ሰፈር «አልተከልንም» ብለው በመስቀል ሊያስምሉ ነው። ሁለቱም እውነት ይምላሉ። ሁለቱም ሌላውን በሐሰት ማለ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ተኩስ ነው።

ሚስቴ፦ ዝም በል፣ አንተኑ ይገድሉሃል። ሳይሆን አይቀርም።

ከመሐላው በፊት እነሣለሁ። የምናገረው ለአያ ደሴ ልጅ ነው፣ ዓይኑን እያየሁ። ለምን ተከልህ ሲለኝ፣ ለወፍ ብዬ ነው ማለት አለብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስለማመደው ዋልኩ። አንዴም ሳልንተባተብ አልጨረስኩትም። ቢሆንም እነሣለሁ።