ወደ መቂ የተላከው ኮክ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ጠዋት
ኮኩ ውስጥ ትል አለ።
ዛፉ ሥር የወደቁትን ሰነጠቅኳቸው። ነጫጭ ትሎች። ላዩ ደህና ነው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ ብቻ። ዝናብ። ፒያሳ፣ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ዘግይቼ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7
የወረዳው የግብርና ባለሙያ አፍንጮ በር፣ ቤታችን ድረስ መጣች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። የፍራፍሬ ዝንብ ነው አለች፤ ከውጭ የገባው ዓይነት፤ ማንጎንም ያጠቃል። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ይገባል፤ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። የወደቀውን በየቀኑ መልቀም። ላስቲክ ውስጥ አጥብቆ ማሰር። ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ አለመጣል። ከሁሉ በላይ፣ ፍሬ ከግቢ እንዳይወጣ። ይህን ስትሰማ የባለቤቴ የጽጌ ፊት ተለወጠ።

ማታ
ለካ ወጥቷል። ወንድሟ ካሳሁን ከመቂ ማንጎ በዘንቢል ልኮልን ነበር። ዘንቢል ባዶውን አይመለስም፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮክ ሞልታ መለሰችለት። ካሳሁን የሚኖረው በማንጎው ነው። ደውዪለት አልኳት። «የላክሁለትን ጣለው ልበለው?» አፈረች። ተኮራርፈን ተኛን። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8
እኔው ደወልኩ። ካሳሁን ሳቀ። «ጋሼ፣ ዝንብንም ዜና አደረጓት እንዴ?» ልጆቹ ግማሹን በልተውታል። የተበላሸውን የት ጣላችሁት? አልኩት። ሳቁ ቆመ። ማንጎው ሥር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9
ካሳሁን የቀረውን ለቅሞ በላስቲክ አሰረ። አብዛኛው ባዶ፤ ትሉ ወጥቷል። ባለሙያዋን ጠየቅኳት። የመቂ ግብርና ቢሮ ይምጣና የዝንብ ወጥመድ ይስቀል፤ እስኪጣራ አንድም ማንጎ ከማሳው አይውጣ አለች። ነጋዴው ግን ቅዳሜ ሊጭን ይመጣል። ካሳሁን ዝም እንበል አለ፤ የዓመት ልፋቴ ነው። ጽጌ ስልኩን ከእጄ ነጠቀች። «አንተ! የጎረቤቶችህስ ማሳ?» ከዚያ አለቀሰች። ዘንቢሉን የሞላሁት እኔ ነኝ ትላለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10፣ ማታ
ዛፋችንን እስከ ጥሬው አራገፍነው። ላስቲኮቹ ታስረው በረንዳው ላይ ናቸው። ካሳሁን ቀኑን ሙሉ ስልክ አላነሳም። አሁን ገና መልእክት ላከ፤ ሌሊቱን ላስብበት። ለቢሮው ራሱ ቢናገር ይሻላል። ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ? የሚስቴ ወንድም ነው። ጽጌ እስከ ጠዋት ታገሠው ትላለች።
እስከ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ነጋዴው የሚደርሰው በሦስት ነው።