አባቴን ያላየችው ማሽን እና ማሽኗን ያመኑት ሐጂ

ለክቡር ሐጂ ጀሊል
የቱቅባና የዐቅረቢያ ሰፈሮች ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
አል-ኾበር፣ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የካቲት 2005 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? አላህ ስኳርዎን ዝቅ፣ የወንበርዎን ከፍታ ደግሞ ባለበት ያቆይልን።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ወንጀሌን በአደባባይ ልናዘዝ። ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እርስዎ በእድሩ ቢሮ ወንበርዎ ላይ ዓይንዎን ጨፍነው ስለ ማኅበረሰባችን ችግር በጥልቅ እያሰቡ ሳለ (ሐሳብዎን አጅቦ ይወጣ የነበረውን ድምፅ ሌላ ሰው ቢሰማው ማንኮራፋት ይለው ነበር)፣ የእድሩን ኮምፒውተር ካሜራ ሳላስፈቅድ ወደ እርስዎ አዙሬዋለሁ። ካሜራው ምን እንዳየ በደብዳቤዬ መጨረሻ እናገራለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ከእነ ወንጀሌ እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጡኝም ራስዎ ነዎት። የእድሩ ሽማግሌዎች «ሀ»ን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሲፈጅባቸው አይተው «የኡርጌሳ ልጅ ጣቷ ቀልጣፋ ነው፣ እሷ ትተይብልን» አሉ። አሁንም የጁምዓውን ስብሰባ ማስታወቂያ እየተየብኩ ይመስልዎታል። ይህን ደብዳቤ አትሜ ማስታወቂያው በሚለጠፍበት ቦታ ላይ ስለምለጥፈው ብዙም አልተሳሳቱም።

የትኛው ኡርጌሳ ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ፣ እድራችን በቸርነቱ መለያ አውጥቶለታል። ጥቁሩ ኡርጌሳ። አባቴ እሱ ነው። አቤቱታዬም በቁጥር እንዲህ ይቀርባል።

አንደኛ፤ ስለ ማሽኗ።

በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ፣ አባቴ ጉልበቱን በጨረሰበት የፕላስቲክ ፋብሪካ በር ላይ፣ የሰው ፊት አንብባ ማን ሥራ እንደገባ የምትመዘግብ ማሽን መተከሏን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፤ በስብሰባ ላይ «ሥልጣኔ መጣ» ብለው አስጨብጭበውላታልና። ማሽኗ ድምፅዋ የሴት ነው። ሶርያዊው ፎርማን ፊቱን ሲያሳያት «ሹክረን»፣ አመሰግናለሁ፣ ትለዋለች። ፊሊፒናዊው ኤሌክትሪሺያን አፉን ከፍቶ እያዛጋ ቢያልፍም ያው «ሹክረን» ነው። አባቴና ጓደኛው ዋቆ ገና ሳይነጋ በቆርቆሮው ጣራ ሥር ሲቆሙላት ግን «እንደገና ይሞክሩ» ትላለች። ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፣ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ሩኩዕ የሚወርዱ እስኪመስሉ ይጎነበሳሉ፤ እሷ ግን ከዚያች ዐረፍተ ነገር ፈቀቅ አትልም። ሰልፉ ሲረዝም ጥበቃው ተሰላችቶ «ብርሃኑ አንሶ ነው» እያለ በጎን በር ያስገባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ማሽኗ ደግሞ ለቢሮው «ዛሬም አልመጡም» ብላ ታሳብቃለች።

እርስዎ ቢያውቁትም፣ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ ልድገመው፦ ሥራ ያልመጣ ሠራተኛ ከካፊሉ፣ ከአሠሪ ዋሱ፣ ኮብልሏል ተብሎ ሁሩብ ይመዘገብበታል። ሁሩብ የተባለ ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሞታል፤ ዳቦ ሊገዛ በወጣበት ተይዞ ወደ ተርሂል፣ ወደ ተባራሪዎች ማቆያ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ነው። የእናቴና የእኔ ኢቃማ የተንጠለጠለው በእሱ ኢቃማ ላይ ስለሆነ፣ እኔም ከትምህርት ቤቴ፣ እናቴም ከሥራዋ ተነቅለን አብረን እንጫናለን። ይህ ሁሉ የሚሆነው አባቴ ከሥራ ስለቀረ ሳይሆን የመስታወት ዓይን ስላላየው ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክርዎ።

አባቴና ዋቆ አቤት ሊሉ እድሩ ፊት ሲቀርቡ፣ ጉዳዩን እስከ ግማሽ ሰምተው የሰጡት ፍርድ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። «ማሽን ዘመድ የለው፣ ጠላት የለው፤ አይዋሽም። ጥፋቱ ከእናንተ ነው። ታጠቡ፣ ጺማችሁን ላጩ፣ ቫዝሊን ተቀቡና ብሩህ ሆናችሁ ቁሙ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።» የእርስዎ ጺም ይህን ምክር ሲሰጥ ደረትዎ ላይ በክብር ተንፈራጥጦ ነበር።

አባቴ ሽማግሌ አክባሪ ነው። በማግስቱ ግንባሩ ታጥቦ እንደወጣ ታክሲ እያብለጨለጨ ሄደ። ማሽኗ የመብራቱን ነጸብራቅ አይታ ይሁን ተደናግጣ «ወደ ኋላ ይራቁ» አለችው። ቢያንስ አዲስ ቃል ተናግራለች፤ ለተገኘው እድገት እድራችንን ከልብ እናመሰግናለን። ዋቆ ደግሞ «ብሩህ» የሚለውን ቃል ከልቡ ይዞት ኖሮ፣ ከቱቅባ ሱቅ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ገዝቶ ሳምንቱን ሙሉ ተለቀለቀ። ጉንጩ ተቃጠለ፣ ተላጠ። ዛሬ የዋቆ ፊት ባለ ሁለት ቀለም ነው፤ ማሽኗ ሁለቱንም አታውቃቸውም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፎቶው፣ ማለትም ስለ «ማታለላችን»።

የቱቅባውን ፎቶ ቤት ልማድ የማያውቅ የለም። ማንም ሳይጠይቀው ሁላችንንም አንጥቶ ያትመናል፤ እኛም «አሳመረን» ብለን መርቀነው እንወጣለን። አባቴ ለኢቃማ እድሳት የተነሣው ፎቶ ኪሱ ውስጥ ነበር። ዋቆ በንዴት መሐል ቀልድ አማረውና «እስቲ ይሄን ነጩን ኡርጌሳ እንሞክረው» ብሎ ፎቶውን ከማሽኗ ፊት ገተረው።

«ሹክረን» አለች። በሩም ተከፈተ። ፎቶው የገባው በሰላም ነው፤ አባቴ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ይህን የጥበቃው ካሜራ ቀርጾ ኖሮ (ይኼኛው ካሜራ ጥፋት ሲሆን ያየናል)፣ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ጠርቶ «አታላዮች» አላቸው። ቢሆንም ሥራ አስኪያጁ እንኳን አንዲት ቀዳዳ ትቷል፦ ቅዳሜ ጠዋት የማኅበረሰባቸው ሽማግሌ መጥቶ «አውቃቸዋለሁ፣ አልኮበለሉም» ብሎ ዋስ ከሆነ ሁሩቡ ይቀራል፣ ካልመጣ ይመዘገባል። አባቴ ሮጦ ወደ እርስዎ መጣ። እርስዎም «ለአታላይ ዋስ አልሆንም፣ ኸላስ፣ አለቀ» ብለው ወደ ሐሳብዎ ተመለሱ። የዚያን ዕለት እራት ላይ አባቴ ፎቶውን ከሳህኑ አጠገብ አቁሞ «ይሄ ሰውዬ ከኔ የተሻለ ሠራተኛ ነው፣ አንድ ቀን አልቀረም» አለና ሳቀ። እናቴ ዘሐራ አልሳቀችም። ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትታ አቧራውን መጥረግ ጀመረች።

አራተኛ፤ «ማሽን ዘመድ የለውም» ስላሉት።

ይቅርታ ያድርጉልኝና አለው። እርስዎ የሰውን ዘር እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ስለሚወዱ፣ እኔም ከኢንተርኔት የለቀምኩትን የማሽኗን ዘር ልቁጠርልዎ።

ቅድመ አያትዋ አሻራ ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ አንድ ሹም የአገሬውን ሰው በውሉ ላይ መዳፉን ያሳትመው ጀመር፤ ቃሉን እንዳይክድ ለማስፈራራት። ያመኑትን ሰው ማን አሻራ ይጠይቀዋል?

አያትዋ ካርድ ናት። የቀለም ፎቶ በሚታጠብባቸው ቤቶች ሁሉ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ያለበት ካርድ ይላክ ነበር፤ የእሷ ጉንጭ ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ይባላል። ከነጭ ልጆች ጋር አብሮ የተነሣ ጥቁር ልጅ ግን ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይወጣል። እናቶች ቅር ቢላቸውም ፊልሙ አልተለወጠም። ፊልሙን ለማሻሻል ገፋፉ ከሚባሉት ውስጥ ቸኮሌት ሠሪዎችና የእንጨት ዕቃ ሻጮች አሉበት፤ ቡናማው ከቡናማው አልለይ ብሏቸው። ለሰው ፊት ያልተደረገው ለቁም ሳጥን ተደረገ ማለት ነው።

አጎትዋ ደቡብ አፍሪካ ሠርቷል። በዘር መለያየቱ ዘመን ለጥቁሮች የይለፍ ደብተር ፎቶ ያነሣ ከነበረው ፈጣን ካሜራ አንዱ፣ ብልጭታውን የሚያጎላ ልዩ ቁልፍ ነበረው። ልብ ይበሉ፤ ለሠርጋችንና ለልጆቻችን ያልተገኘው ብርሃን፣ ማን የት እንደሚሄድ ለመጠበቅ ሲፈለግ በአንድ ቁልፍ ተገኘ።

ታላቅ እኅቷ ደግሞ የኮምፒውተር ካሜራ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥቁር ሠራተኛና አንዲት ነጭ ባልደረባው፣ የሰው ፊት እየተከተለ የሚዞር ካሜራ ሞከሩ። እሷን እየተከተለ ዞረ፤ እሱ ብቅ ሲል ባለበት ቆመ። ከኩባንያው የተሰጠው መልስ የብርሃን ማነስ ነው የሚል ነበር። የአባቴም በር ላይ የተባለው ይኸው ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው አላልኩም?

እኔ እንደገባኝ፣ ይህን የሚሠሩት ሁሉ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ማሽናቸውን ሲሞክሩ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ያሳዩታል። የእኛ ሰው መጥረጊያ ይዞ ሲገባ ሙከራው አልቆ ነበር።

አምስተኛውን ስጽፍ ጣቴ ትንሽ ይፈራል።

ለእኅትዎ ልጅ ለኑህ ሚስት ሲፈለግ፣ ስለ ልጅቱ ዲን፣ ትምህርትና ጠባይ ከመጠየቅዎ በፊት «ቀይ ናት?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አንገታቸውን ነቀነቁ። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ጥቁሩ ኡርጌሳ። ስለዚህ ማሽኗን ብቻዋን አልወቅሳትም። የእድራችን አባል ብትሆን ኖሮ አንድም ነገር እንግዳ አይሆንባትም ነበር፤ ምናልባትም ጸሐፊ አድርገን እንመርጣት ነበር። እሷ አባቴን አላየችውም፤ እርስዎ ግን ሠርግ አብረው በልተው፣ ጀናዛ አብረው ተሸክመው፣ ፊቱን በጨለማ የሚያውቁት ሰው ነዎት። እሷ ዓይኗ አይችልም። የእርስዎ ምንድን ነው?

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ናት። ቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ከቱቅባ ሲነሣ፣ ከአባቴ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጠው ይሂዱልን። ፋብሪካው በር ላይ ቆመው «አውቀዋለሁ» ይበሉ። ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ ቫዝሊኑን ይቀጥሉ።

ከእርስዎ ጥላ ሥር ያደግሁ፣ ለምክርዎ ብዛትና ለመልስዎ እጥረት ዘወትር አመስጋኝ፣ የእድሩ ያልተከፈላት ጸሐፊ፣ የአባቷ ፎቶ ከአባቷ ይልቅ የሚታመንባት ታናሽ ልጅዎ፣
የጥቁሩ ኡርጌሳ ልጅ

ማስታወሻ፦ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በኮምፒውተሩ ላይ ፊት ሲያገኝ አረንጓዴ ሳጥን የሚያሰምር ካሜራ አለ። መጀመሪያ እኔ ተቀመጥኩለት፤ የሞባይሌን መብራት ፊቴ ላይ እስካበራ ድረስ ሳጥን የሚባል ነገር አልመጣም። ከዚያ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ባለው ወንበር ላይ ወደሚያስቡት ወደ እርስዎ አቀናሁት። ሳጥኑ ብቅ አለ። ተንቀጠቀጠ። በፊትዎ ላይ ሽው ብሎ አለፈና ከራስዎ በላይ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ የቱቅባው ፎቶ ቤት አንጥቶ ባተመው፣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ሶርያዊ ማነው?» እያለ በሚጠይቅበት በእርስዎ ፎቶ ላይ። ደጋግሜ ሞከርኩት። ሳጥኑ ከፎቶው አልወርድም አለ። ማሽን አይዋሽም ብለዋልና፣ የእድራችን ሊቀመንበር ግድግዳው ላይ ያሉት ሰውዬ መሆናቸውን ለአባላት በአክብሮት አስታውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ለመምጣት ካልተመቸዎት አይቸገሩ፤ ፎቶውን ይላኩልን፤ በሩ ይከፈትለታል።

ካሜራው ዛሬም በርቷል፤ እርስዎም እንደ ሐሙሱ ከኋላዬ ወንበርዎ ላይ ሆነው እያሰቡ ነው። አረንጓዴው ሳጥን እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ነው። ከኋላዬ ይሰማ የነበረው ማንኮራፋት ግን ቆሟል፣ ወንበሩም ሲንቋቋ ሰማሁ። ሳጥኑ ንቅንቅ ስላላለ ልጨርስ። ማተሚያው ወረቀት አለው፣ ቀጥሎ የሚቀረኝ

«ኑርሀያት!»

አቤት ሐጂ! ካሜራው ሰው የለም ብሎኝ እኮ ነው።