በጥቅምት ከቤቴ ስለወጣው ጭስ

ጥቅ. 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ሁለት እንቁላል። ግማሹ ከመጥበሻው ጋር ተጣብቆ ቀረ። አንድ እንጀራ፣ አንድ ጣሳ ውሃ። እንቅልፍ ደኅና።

ይኸው ጻፍሁልህ፣ ደብተር። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር የበሉትን ሁሉ ይጻፉ ስላለች ነው እንጅ እኔና አንተ ምን አገናኘን። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኋት ፊደል ለሆዴ ሆነች።

ያለችኝ እንዲህ ነው። ሰውነት ቁጭ ብሎም፣ ተኝቶም ይነዳል። ማገዶው ምግብ፣ ምድጃው ጡንቻ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በቀን አንዴ እየበላሁ ጡንቻዬ አለቀ፤ ብርዱም የገባብኝ ለዚያ ነው አለች። ጠዋት ይብሉ፣ ባቄላና እንቁላል አይርሱ፣ ይራመዱ፣ በጊዜ ይተኙ። ልጅ ናት፤ ግን አፏ ይቆርጣል።

ልጄ የሻረግ ደግሞ አለችብኝ። ከዓረብ አገር ተመልሳ ባሕር ዳር ሱቅ ከፍታለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገገምሁ ቤቱን ቆልፋ ልትወስደኝ ነው። ፎቅ ላይ። እኔን። ድንቼን ማን ሊኮተኩት?

ጥቅ. 5፣ ረቡዕ

ጾም ነው። ባቄላ ቀቀልሁ። የነፍስ አባቴ ለሽማግሌ ሰዓቱ ይቀርልሃል አሉኝ። ፈቃዱን ወደድሁ፤ ሽማግሌ ያሉኝን አልወደድሁም።

በር ዘግቸ ነው የማበስል። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ከሚሉኝ ብርዱ ይግደለኝ። ጎረቤቴ ባየ ካየኝ ወሬው ማታውን ሐሙሲት ከተማ ይደርሳል። ሚስቱ ጥሩነሽ እንጀራ ትሸጥልኛለች፤ በድልህ የምበላው መስሏታል።

ጥቅ. 9

ሲስተር ያዘዘችው አዲስ ነገር፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከመደብ አሥር ጊዜ መነሣት፣ መቀመጥ። ከደጅ ባለው መደብ ጀመርሁ። በሰባተኛው ጉልበቴ ጮኸ። ስምንት ብየ ተውሁት። አሥር ብለህ ያዝልኝ።

ጥቅ. 13

ሽሮ ሠራሁ። ጨው በዛ። ውሃ ጨመርሁ፣ ቀጠነ። ዱቄት ጨመርሁ፣ ለተዝካር የሚበቃ ሆነ። ውሻው አገዘኝ።

አርባ ዓመት ከእጇ በላሁ። አንድ ቀን እንኳ ጨው ስንት ታደርጊያለሽ ብየ አልጠየቅኋትም። ጣፈጠ ብያትም አላውቅ። ዛሬ ልጽፍ የምችል ይህን ብቻ ነው።

ጥቅ. 16

ባየ መጣ። ገና ከበር ይስቃል። አያ ወርቁ፣ ጉድ ሰማን አለ። ምን ሰማህ አልሁ። በየጠዋቱ ጭስ፣ በየሳምንቱ አንድ ደርዘን እንቁላል። ይባስ ብሎ ጥሩነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ስነሣ ስወድቅ አይታኛለች። ሲሰግዱ ነበር አለ፤ በጥቅምት ስግደት ምን አመጣው፣ ንስሐ ነው እንጅ። ሴት አስገብተው ነዋ። ከይፋግ ናት ከአንበሳሜ?

ምን ልበል? አይ፣ የማበስለው እኔ ነኝ ልበል? 

ከአንበሳሜ ናት ብሎ ወጣ።

ጥቅ. 20

ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ጨምሬአለሁ። ሲስተር ከወንበር ያለ እጅ ተነሡ አለች፤ እንደ ወይፈን ተነሣሁ። ጣቴ መቀዝቀዝ ትቷል። ግን የተዉ ዕለት ተመልሰው ይከሳሉ አለች። ደስታ አታውቅም።

ከሰዓት የሻረግ ደወለች፤ ኪሎውን ነገርኋት። ወሬው ደርሷታል። መጀመሪያ አለቀሰች፤ በእናቴ ቦታ ብላ። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ አባየ፣ የሚያበስልልዎት ሰው ካለ አልወስድዎትም፣ እዚያው ይኑሩ። ከሌለ ግን ኪሎውም አይሰነብትም፣ ይመጣሉ። እሑድ ቀሚስ ይዤላት እመጣለሁ። ቁመቷ እንዴት ነው?

የኔን ያህላል አልኋት። ሌላ የማውቀው ቁመት የለም።

ጥቅ. 22

እንቅልፍ፦ የለም። ሴትዮዋ እናቷ ታማባት ሄደች ብል? እሺ፣ ስትመለስስ? ሴት አለች ካልሁ ቤቴ ይተርፋል፣ ውሸታም እሆናለሁ። እውነቱን ካወጣሁ የባየ መሳቂያ ሆኘ እቀራለሁ። አሥር ጊዜ ተነሣሁ ተቀመጥሁ። ዛሬ በእውነት አሥር ነው።

ጥቅ. 23፣ እሑድ፣ 6 ሰዓት

ከማጀት ነው የምጽፍ። ሽሮው እየተንተከተከ ነው፣ ስድስት እንቁላል ተቀቅሏል። እልፍኙ ሞልቷል። የሻረግ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ ጥሩነሽ አንገቷን ወደ ማጀት አስግጋለች። ባየ ይጣራል፤ እመቤቲቱ፣ ሽታው ገደለን፣ ብቅ በይ እንጅ፣ አንበላሽም ይላል።

ድስቱን እኔው ይዤ እወጣለሁ። ባየ ከሳቀ እንቁላል አያገኝም። የሻረግ የሚያበስልልዎት ሰው ካለ ብላ የለ? ሰው አለ። ይኸው ጨርቁን በድስቱ ጆሮ ላይ አድርጌ ላነሣው ነው።