የኢሮኮዮች ለቅሶና የእኔ

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ

ዛሬ ልጄ ዮናስ ከቸርች መልስ ከልጁ ከሊዲያ ጋር መጣ። ልጅቱ የልጆች መጽሐፍ ይዛለች። ኢሮኮይ ስለሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። "አባባ፣ ላንብብልዎት?" አለችኝ። ፊደሉን አላጣሁትም፤ ግን እኔ አንድ ገጽ እስክጨርስ ይመሻል። እሺ አልኳት።

እንዳነበበችልኝ፣ እነሱ ዘንድ ሐዘንተኛ "ራስህን አጽናና" አይባልም። ከሌላ ጎሳ ሰዎች ይመጡና "እንባህን በለስላሳ ቆዳ ጠረግንልህ፣ ጆሮህን ከፈትንልህ፣ ጉሮሮህን በውሃ አጠራንልህ፣ አሁን ተናገር" ይሉታል።

እኔስ? ባለቤቴ ብርቄ የሞተች ዕለት ዘማሪዎች ከበቡኝ። "ወደ ጌታ ሄዳለች፣ አማኝ አያለቅስም" አሉኝ። ዮናስም ክንዴን ጨምቆ "አባባ፣ ኧረ ሰው ያያል" አለኝ። ዕድሜዬን አብራኝ የኖረችው ሴት በጭብጨባ ስትሸኝ አፌን ይዤ ቆምኩ።

ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ ሞላ። ዮናስ አየኝና "ሊዲያ፣ በቃ ዝጊው። እነዚህ ጌታን የማያውቁ ናቸው" አላት።

"ሐዘንተኛን ግን ያውቃሉ" አልኩት።

"አባባ ደግሞ! ተስፋ እንደሌለው ሰው አይሁኑ እንጂ።"

"ተስፋውን አንተ ያዘው። እኔ የቀበርኩት ሚስቴን ነው።"

ተቆጥቶ የልጅቱን እጅ ይዞ ወጣ። መጽሐፉን አልሰጠሁትም። ከሄዱ ወዲህ በጣቴ እየተከተልኩ ያንኑ ገጽ ጨረስኩት። ሰውዬው ጉሮሮው ከጠራለት በኋላ ምን ብሎ እንደተናገረ አልጻፉም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ስሟን ነበር የምጠራው፣ ጮክ ብዬ...