የዘውራ የመጨረሻ ገጾች ለውጭ ሰው አይሰጡም

ለተከበሩ የአሳታሚ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ሁለቱም ጥላዎችዎ እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታው እርስዎ ራስዎ ካሳተሙት መጽሐፍ የተቀዳ ስለሆነ እንግዳ አይሆንብዎትም ብዬ ነው። የጉልበትዎ ሕመምስ እንዴት አደረገዎት? ባለፈው ማክሰኞ በሦስተኛው ፎቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅዎ፣ እያነከሱ በአጠገቤ አልፈው ወደ ቢሮዎ ሲገቡ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ እኔን ሳያዩኝ ማለፍዎንም ሕመሙ ስለጠናብዎት ነው ብዬ በደግ ተርጉሜዋለሁ።

ባይጠይቁኝም የጎረቤቴን ጤና ልንገርዎ። እትዬ ነጥብ ደህና አይደሉም። ስሙ ግር ካለዎት፣ በድርጅትዎ ሃያ አራት ዓመት አራሚ ሆነው የሠሩት፣ ዓይናቸው ሲደክም በጡረታ የሸኟቸው ሴትዮ ናቸው፤ የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ እንኳ ሳያርሙ ስለማያልፉ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። እግራቸው አብጧል፣ ከመረቅ በቀር የሚወርድላቸው የለም፣ ሐኪሙንም በር ላይ ይዤ «ስንት ጊዜ ይቀራቸዋል?» ብዬ ብጠይቀው፣ ጣቶቹን መቁጠር ጀምሮ መልሶ ኪሱ ከተታቸው። የእህታቸው ልጅ ከምትኖርበት ከተማ መጥታ ሁለት ሳምንት ካስታመመች በኋላ የሥራ ፈቃዷ ስላለቀ እያለቀሰች ተመልሳለች። ሦስተኛዋን አርግዛለች፤ ሴት ከሆነች በአክስቷ ስም ልትጠራት ነው። እትዬ ነጥብም «ፊደሉን አሳስተሽ እንዳታስመዘግቢያት» ብለው አስጠንቅቀው ሸኝተዋታል።

እኔ ግድግዳ የምጋራቸው ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ላይ ስሕተት ቢያገኙ ይታገሡኝ፣ የሚያርሙልኝ ሰው ተኝተዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የቀን ሥራዬን ስጨርስ እየገባሁ እነዚያኑ ያረሟቸውን የዘውራ መጻሕፍት ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ አነብላቸዋለሁ። አምስቱን ቅጽ ጨርሰናል። የቀረን አንድ ነው።

ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዘውራ ደራሲው ከራሳቸው አውጥተው የፈጠሯት ፕላኔት ናት። ሁለት ፀሐይ አላት። በአምባው ላይ የሚኖሩትን ሁለቱም ፀሐዮች ስለሚያገኟቸው ሁለት ሁለት ጥላ አላቸው፤ በገደሉ ሥር ለሚኖሩት ግን ታናሿ ፀሐይ ስለማትደርስላቸው ያላቸው ጥላ አንድ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ የአምባው ሕግ የገደል ሥር ሰውን ግማሽ ሰው ብሎ ይቆጥረዋል። አምባው ውኃ የሚቀዳበትን፣ ዕቃ የሚያወጣበትን፣ ገደል የሚወርድበትን ገመድ ሁሉ የሚገምዱት ግን እነዚያው ግማሾቹ ናቸው፤ ገመድ ሲላላ ይጠራሉ፣ ሲጠብቅ ይሸኛሉ። በአምስተኛው ቅጽ መጨረሻ አንዲት ወጣት ገመድ ገማጅ ታላቁን ገመድ ልትጠግን ወደ አምባው ተጠርታ ትወጣለች፤ ጠግና ስትጨርስ የምትወርድበትን ይቆርጡባታል። እናቷ ከታች እየጠበቀቻት መጽሐፉ ያልቃል። እትዬ ነጥብ ልጅ አልወለዱም፤ «ይህች ገማጅ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ነጠላ ሰረዟን እየለቀምኩ ያሳደግኳት ናት» ይላሉ። አሁን ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ቤቷ ትገባ እንደሆነ መስማት።

እንግዲህ በታላቅ አክብሮት ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስድስተኛው ቅጽ ታትሞ በመጋዘንዎ ተደርድሮ እንዳለ የድርጅትዎ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። እኔም መጽሐፉን ስጡኝ አላልኩም፤ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ ስድስት ገጾች ብቻ፣ ለዚያውም ቆሜ አንብቤላቸው ልመልስ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ ልጅ ናት፣ ሦስቱንም ጊዜ «እማማ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሰጥታኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከእርስዎ ዘንድ ይዛልኝ የወጣችው መልስ ግን «ከምረቃው በፊት ለውጭ ሰው አይሰጥም» የሚል ነው። ስለ እኔ ከሆነ እውነት ነው፣ ከውጭም የውጭ ነኝ። እሳቸውን ግን ሃያ አራት ዓመት ውስጥ ተቀምጦ የውጭ ሰው መሆን እንደሚቻል ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። መጽሐፉን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነበው አምባ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ ገባኝ።

ሁለተኛ፤ በዚሁ ወር ውስጥ ሾፌርዎ ወደ እኚሁ የውጭ ሰው ቤት ሦስት ጊዜ ተልኳል። አዲሱ አራሚ የድሮዎቹን ቅጾች ለዳግም ኅትመት ሲያዘጋጅ አንዳንድ ነገር ይጠፋዋል አሉ። መጀመሪያ የዘውራ ታላቁ ወንዝ ወደ የት እንደሚፈስ ጠየቀ። ቀጥሎ የአምባው ዳኞች ቀበቷቸውን በየትኛው ወገን እንደሚያስሩ። በሦስተኛው ጊዜ ስለ ገደል ሥር ሰዎች ወግ ነበር፤ እነሱ ዘንድ ሰው በአንድ ጥላ አይሸኝም፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሲያጣጥር ጎረቤት ተራ በተራ እየገባ ጥላውን በአልጋው ላይ ያሳርፍለታል፤ አዲሱ አራሚም የሚቆሙት ከየት በኩል ነው ብሎ ላከ። እትዬ ነጥብ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ሦስተኛው ቅጽ፣ ከመሐል አለፍ ብሎ፣ በግራ ገጽ ግርጌ፤ በመስኮቱና በአልጋው መካከል ነው። ሌላ ቦታ የቆመ ሰው ጥላው አልጋ ላይ አይወድቅም፣ ይህን ለማወቅ እኮ መጽሐፍ አያስፈልግም» አሉት። ሾፌሩም ደግ ሰው ነው፣ የድርጅቱ ወረቀት እንዳይበላሽበት መልሱን መዳፉ ላይ ጽፎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ መርቆን ሄደ። የላላው ገመድ መጥበቁን ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፤ ምረቃው የዘገየው የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ስለሆኑ፣ የአዳራሹም ወንበር ገና ስላልተለበጠ መሆኑን ሰምቻለሁ። ወንበር መለበጥ የእኔም ሙያ ስለሆነ ጨርቁን ቢልኩልኝ በሁለት ቀን ሰፍቼ አስረክብዎት ነበር። የክብር እንግዳውን ግን ማፋጠን አልችልም፤ እትዬ ነጥብንም ማዘግየት አልችልም።

አራተኛው ቅሬታ የእኔ ሳይሆን የእሳቸው ነው። ለአለቃቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ስለ ገጾቹም ስለ ሌላውም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «በአራተኛው ቅጽ፣ የአምባው ገበያ የሚነሣበት ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ቀርቷል፤ ስምንት ዓመት ሆነው፣ እባክሽ አሳስቢያቸው» ነው ያሉኝ። አሳስቤያለሁ።

እንግዲህ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በአምስት ቅጽ ላይ የወረቀት አቅራቢውንና የሽፋን ሠዓሊውን ስም አስፍረው የአራሚዋን ስም ከወሬኛ ዓይን ስለጠበቁልን፣ በሽኝታቸው ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሸልመዋቸው ዛሬ ጊዜው እንዴት እንደሚሄድ ከአልጋቸው ሆነው እንዲያዩ ስላስቻሏቸው፣ እኔንም ለሦስት ቀን በቤቴ በማላገኘው ለስላሳ ወንበር ላይ ስላስቀመጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። ገጾቹ ዐሥራ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሾፌርዎም መንገዱን ያውቀዋል።

እግዜር ጉልበትዎን ምሮልዎ፣ ደረጃውን ወርደው ከታች ያለነውን ለማየት እንዲበቁ በመመኘት፣

አንድ ጥላ ብቻ ያላት አክባሪዎ፣
የእትዬ ነጥብ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ዓርብ ጽፌ ሰኞ ፖስታ ቤት ላደርሰው ነበር፤ አልተመቸኝም። ከላይ ያለውን ልመና ትቼዋለሁ፣ ገጾቹን አይላኩ። የመጨረሻው ቅጽ በእኛ ቤት ታርሞ አልቋል።

ቅዳሜ ከሰዓት አምስተኛውን ቅጽ በጋዜጣ ሸፍኜ «ስድስተኛው መጣ» አልኳቸው። ውሸት ነበር፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ገጹን እየገለጥኩ ከራሴ አነበብኩ። ገማጇ የአምባውን ሰዎች ልብስ ስፌት በስፌት እየተረተረች፣ ክሩን ገምዳ፣ በእሱ ወረደች፤ የልብስ ሰፊ ነገር፣ ሌላ ምን ይመጣልኛል። «እናቷም አልሞተችም፣ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር» ብዬ ሳነብ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «በገደል ሥር ሞተ የሚባል ቃል የለም፤ ጥላዋን አልመለሰችም ነበር፣ ነው የሚባለው» አሉኝ። «የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ነው እትዬ» ብላቸው «የማተሚያ ቤቱስ አይደለም፣ የልብስ ሰፊዋ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ «ጥሩ መጨረሻ ነው። አርሚውና ቀጥዪ» አሉኝ። አርሜ ቀጠልኩ።

እሑድ ፀሐይ በመስኮታቸው በኩል ስትገባ ጎረቤቱ መጣ። ዳቦ ሻጯ መጣች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ፣ ረጅሙ የምንለው በያጅም መጣ፤ አንዳቸውም መጽሐፉን አላነበቡም፣ የት እንደሚቆሙ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ዳቦ ሻጯ «ማስታወቂያዬን እንዳረሙልኝ ነው፣ አልነካሁትም» አለቻቸው። ረጅሙን ግን እሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ «አንተ ብቻህን ሁለት ሰው ትሆናለህ፣ እስቲ ጎንበስ በል፣ ሌላውም ቦታ ያግኝ» አሉት። ጎንበስ አለ።

ዛሬ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሾፌርዎ አራተኛውን ጥያቄ ይዞ መጣ። «እትዬን አላስቸግርም፣ አንዲት ነገር ብቻ ናት» ብሎ ደጅ ላይ እንደቆመ አነበበልኝ፤ የገደል ሥር ሰዎች ሰው ሲሞትባቸው ምን ይላሉ የሚል ነው።

«ጥላቸውን መለሱ» አልኩት።

መዳፉ ላይ ጻፈና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «አዲሱ አራሚ እንዳይቆጣኝ፣ ይሄ ለብዙ ሰው አይደለም እንዴ? ለአንድ ሰው ‹ጥላውን መለሰ› አይባልም?» አለኝ።

«ለአንድ ሰው ነው» አልኩት። «ለሚከበር ሰው።»

እስክሪብቶውን ከደነ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ፣ ጫማውን ጠርጎ ገባ፣ በተነጠፈው አልጋ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በመስኮቱና በአልጋው መካከል ነበር አይደል፣ የሚቆመው?» አለኝ።