የቅድስት ማርጋሬት ግንብና ያንተ ሲሚንቶ

ኢልቨርቢ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ውድ አባቴ፣

ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ አንተና እኔ የምናውቅበት ስለ ዝናብ ማውራት ብቻ ነው፦ እናንተ ጋ ሰሜን ዘነበ፣ እኛ ጋ ገና ነው፣ በይ ደህና ሁኚ። ይሄ ደግሞ በዝናብና በደህና ሁኚ መሀል የሚሰነቀር ወሬ አይደለም። ስለዚህ እየጻፍኩልህ ነው፤ ያውም ቁጭ ብዬ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ እንደ ቆምኩ። ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኛል።

ቶሎ ልናገርና ይውጣልኝ። የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ግንብ ታሟል፤ ያሳመመውም ያንተ ሲሚንቶ ነው።

እባክህ አጣጥፈህ ኪስህ አትክተተው። እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

አለቃዬ የጥንት ሕንፃ ጥገና ሥራዬን ገና በጀመርኩ በወሩ የራሳችንን ቅድስት ማርጋሬትን መርምሬ ሪፖርት እንድጽፍ ሲሰጠኝ ከደስታዬ ብዛት መንገድ ላይ ሮጥኩ። ለሌላው ጓደኛዬ የደረሰው የባቡር ጣቢያ ሽንት ቤት ነው። እኔ ያንን ክብ ግንብ በጣቴ እየዳሰስኩ ያደግሁ ሰው፣ አሁን ደሞዝ እየተከፈለኝ ልዳስሰው ነው! «ማዕዘን የሚሆን ድንጋይ የሌለው አገር ክብ ይሠራል» ትለኝ ነበር፤ እርሻው ሁሉ ጭብጥ ከማይሞላ ባልጩት በቀር ምንም እንደማያበቅል እያሳየኸኝ። መወጣጫው ላይ ወጥቼ ሳየው ለካ ያልነገርከኝም አለ። ግንቡ ዙሪያውን መቀነት መቀነት አለው። በየበጋው አንድ ቁመት ያህል እየገነቡ፣ ኖራው እስኪደርቅ ክረምቱን በገለባ ሸፍነው ሲጠብቁ ኖረዋል። የተሠራው ኖርማኖች እንግሊዝን ወረው ከመያዛቸው በፊት ይሁን በኋላ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔን የገረመኝ ግን ትዕግሥታቸው ነው። እኔ ብሆን በሁለተኛው በጋ ጥዬው ወደ ለንደን እሄድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዲሷን ቄሳችንን ጁዲትንና ወይዘሮ ሪክስን ይዤ የደወሉ ሥር ገባሁ። ጁዲት አንቱታ አልወድም ስላለችን አንቺ እንላታለን። ወይዘሮ ሪክስ ግን ያው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እንደ ድሮው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ነው፣ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም። ውስጠኛው ግድግዳ አረንጓዴ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ባሳያቸው፣ «ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ግድግዳ ሲያልበው እንድታይ ነው?» አሉኝ። ጁዲት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ውጭ አወጣኋቸውና ከምዕራቡ መስኮት ሥር መሮዬን አስገብቼ አንድ የሲሚንቶ ቅርፊት ነቀልኩ። ከኋላው የታቆረው ውሃ ክንዴን ተከትሎ እስከ ብብቴ ወረደ። ጁዲት ጣቷን ብትሰድ እስከ ሥሩ ገባ። የስንት ትውልድ ኖራ ገንፎ ሆኗል።

ኖራ ይተነፍሳል፣ አባዬ። ዝናቡን ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። ባልጩት አይጠጣም፣ ሲሚንቶም አይጠጣም። አንድ ስንጥቅ ያገኘ ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ውርጭ ሲመጣ ያብጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስንጥቁ ይሰፋል። ጠንካራው ነገር ነው ደካማውን የገደለው። ይሄን ስጽፍልህ ፊትህ እየታየኝ ነው፤ ያ ከንፈርህን ነክሰህ ወደ መስኮት የምትመለከተው ነገር።

ወይዘሮ ሪክስ ስላንተ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ክሊፍ እንዳይሰማ።»

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁለት ሆኗል። ሪፖርቴ የፊታችን እሁድ ከጸሎት በኋላ ለሰበካ ጉባኤው ይነበባል፣ ሲሚንቶው ይነቀል አይነቀል ድምፅ ይሰጥበታል። ጁዲት ይነቀል ባይ ናት። የቀሩት አብዛኞቹ ግን እምቢ ሊሉ ነው። ግንቡን ስለማይወዱት እንዳይመስልህ፤ አንተን ስለሚወዱህ ነው። ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለ ሱቁ ያንን ትልቅ አውሎ ነፋስ፣ የደወሉን ጣሪያ እንዴት እንደ ባርኔጣ ይዞት እንደ ሄደ፣ ሀገረ ስብከቱ «እናስብበታለን» ብሎ እንደ ቀረ፣ አንተ ሦስት በጋ ሙሉ ቅዳሜና እሁድህን ያለ ክፍያ ገመድ ላይ ተንጠልጥለህ፣ የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ እየሞላህ ስቲላቱራውን ስትሠራ፣ እናቴም ምሳህን ከሥር በገመድ ስታስርልህ፣ ሁሉንም ተረከልኝ፤ ዳቦዬን ግን አልሰጠኝም። በመጨረሻ «የክሊፍ ልጅ ሆነሽ?» አለኝ። በቃ፣ ይቺን ብቻ።

ላንተ ሲሉ ግንቡን ሊገድሉት ነው። አለቃዬ ሁለት ክረምት ከቻለ ብዙ ነው ይላል። ያ ምዕራባዊ ወገን ሲያብጥ በዓይንህ ብታየው ሌሊቱን አትተኛም ነበር።

ወይዘሮ ሪክስ መውጫ አበጅተውልኝ ነበር። ቅዳሜ ቤት ድረስ የፖም ኬክ ይዘው መጡና፣ «ስሙን አታንሺው፣ የኔ ልጅ። ‹በቀደሙት ዓመታት የተሠራ› ብለሽ ጻፊ። የሞተ ሰው ሥራ አስመስይው፣ ያኔ ሁሉም ይነቀል ይላል። እሱም ሩቅ ነው፣ ማን ይነግረዋል?» አሉኝ። ብልህ ሴት ናቸው። ሐረጉ ውሸት የለበትም፣ ይሠራም ነበር። እንዳሉኝ ጻፍኩት። ከዚያ ጮክ ብዬ ለራሴ ባነበው፣ አንተ የሞትክ መሰለኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ወደ ወንድምህ ሄደህ ከዝናብ በቀር የማናወራ ሰዎች ሆነናል፤ በዚያ ላይ በገዛ እጄ ልቀብርህ ነው እንዴ? ሰረዝኩት።

አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ «ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ለቅድስት ማርጋሬት ማንም ሳይደርስላት የዚህ መንደር ግንበኛ ክሊፎርድ ታክስተር የግንቧን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሞላ። በዚያን ዘመን ሐኪሞቿ ሁሉ የሚያዝዙት መድኃኒት ያ ነበር።» አለቃዬ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሪፖርት ቋንቋ አይደለም አለኝ። ይቅር አልኩት፤ ማለቴ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ይቆይ።

ደግሞስ ብቻህን ነህ እንዴ? የፕሮቴስታንት ተሐድሶ በመጣበት በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን የገዛ መንደራችን ሰዎች፣ እግዚአብሔርን እናስደስት ብለው፣ የቅዱሳኑን ሥዕል በኖራ ለቀለቁት። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ቄስ፣ ድንጋዩ ራቁቱን ሲታይ ያምራል ብሎ ከነልስኑ ፋቀው፤ ከሥዕሎቹ የተረፈችው ከሰሜኑ በር በላይ ያለችው አንዲት እግር ናት፣ የማን እንደሆነች እንኳ አይታወቅም። ሁሉም ወዶት ነው ያበላሸው። ጠልቶ ያበላሸውስ ማንም አልነበረም። እኔም አንድ ነገር አበላሽቼ አልፍ ይሆናል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የማላውቃት ልጅ መወጣጫ ላይ ወጥታ «ይቺን ታምዚን የምትባል ማን ፈቀደላት?» ትላለች። ትበል። ስሜን ጠርታ ትስደበኝ እንጂ «በቀደሙት ዓመታት» እንዳትለኝ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ በባቡር ና። ኖሪች ጣቢያ በአለቃዬ ቫን እቀበልሃለሁ፤ አቧራ አለው፣ ታውቀዋለህ አቧራ። እሁድ ስምህ ሲነበብ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ሁሉም ዞሮ ሲያይህ፣ «ይነቀል» በልላቸው። ከኔ አፍ ከወጣ ልጅት አባቷን አዋረደች ይባላል። ካንተ አፍ ከወጣ ወይዘሮ ሪክስ ራሳቸው ቁልፉን አውጥተው ይሰጡናል። ልትቆጣ ከሆነም መጥተህ ተቆጣኝ፤ በሜዳው መሀል እየሄድክ ጩኽብኝ፣ ከዝናብ ወሬ ይሻለኛል።

ሲነቀል ደግሞ እጅህ ያስፈልገኛል። ሌላ ሰው ባልጩቱን እየሰበረ ነው የሚያወጣው። የት የት በጥልቀት እንደ ሞላህ የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔ ኖራውን አቦካለሁ፣ እሱን በደንብ አስተምረውኛል።

ብታኮርፍ አልፈርድብህም። ብቻ አጭር ኩርፊያ ይሁን፣ አባዬ፤ ያለን ይሄ በጋ ነው፣ እርጥብ ኖራ ደግሞ ውርጭ አይችልም።

የምትወድህ ልጅህ፣
ታምዚን